አመዳዩ የሚያልቅበት መስመር

ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ የመኪናዬን መስታወት በባንክ ካርድ እፍቃለሁ። ገና ጨለማ ነው። የበረዶ መፋቂያ ልግዛ ካልኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጥር ሲመጣ ትዝ ይለኛል፤ ብርዱ ሲያልፍ እረሳዋለሁ። ዘንድሮ ካርዱ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ።

ማታ ጓደኛዬ ደውላ ነበር።

«በዚህ ብርድ ባሕር ዳርቻ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ዝይ ለማየት።»

ዝም አለች። ከዚያ «ዝይ?» አለች፤ መስመሩ ተቆራርጦ የተሳሳተ ነገር የሰማች መስሏት።

አልፈርድባትም። እኔም የብርድ ሰው አይደለሁም። ሰው ሹራብ ሲለብስ እኔ ካፖርት እደርባለሁ፤ ሰው ካፖርት ሲደርብ እኔ ከቤት አልወጣም። ግን አንድ ሰው ያወራኝ ነገር ለሳምንታት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ጎህ ሲቀድ በሺህ የሚቆጠሩ ዝይዎች ከባሕሩ ጭቃ ላይ ባንዴ ይነሣሉ አለኝ። ነፋስ የሌለበት፣ ውርጭ የበዛበት ጠዋት ምረጪ፤ ድምፁ ያን ጊዜ ነው የሚሰማው አለኝ። እንዲህ ያለው ጠዋት ደግሞ መጣ። ከዚህ በኋላ ሰበብ አልነበረኝም።

ቦታው ካርላቨሮክ ይባላል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ያለ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። ፊት ለፊቱ ሶልዌይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ተዘርግቷል። ከወሽመጡ ማዶ እንግሊዝ ነው። ከደምፍሪስ ከተማ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሜዳ፣ ረግረግ፣ ጭቃ፣ ባሕር፤ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው። የአካባቢው ሰዎች ያንን ባሕር ዳር ያለውን ጨዋማ የሣር ረግረግ «መርስ» ይሉታል። ሣር ነው ብለሽ ስትረግጪው ውሃ ነው፤ ውሃ ነው ብለሽ ስትሸሺው ሣር ነው። በወር ውስጥ አንዳንድ ቀን ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ የመታኝ ዝምታው ነበር። ቀጥሎ ብርዱ። ከእግሬ ሥር ሣሩ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ኮከቦቹ ገና አልጠፉም። ፀሐይ እስክትወጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀራል፤ በዚህ ወር እዚህ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ደግሞ ተመልሳ ትገባለች። ስምንት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ቀን። እንዲህ ያለውን ወቅት በእኛ ቋንቋ «ክረምት» ስለው ሁሌ ይጎረብጠኛል። ክረምት ሲባል ጆሮዬ የሚሰማው ዝናብ ነው። ጭቃው፣ አረንጓዴው፣ ጎርፉ። እዚህ ያለው ግን ደረቅ ነው፤ ሁሉ ነገር የተኛበት ነው። ሌላ ቃል የለንምና ክረምት እንበለው።

ለብርዱ ግን አማርኛ ስስታም አይደለም። ቁር አለን። ውርጭ አለን። አመዳይ አለን። ቆፈን አለን። ለእኔ ውርጭ የሚነክሰው ነው፤ አመዳይ የሚታየው። ቆፈን ደግሞ ጣትሽ ያንቺ አልሆን ሲል ነው። ከእነዚህ ሁሉ አመዳይ የሚለውን እወደዋለሁ። ቃሉ ራሱ አመድ አመድ ይላል። የዚያን ጠዋት ሜዳውን ላየ ሰው፣ ሌሊቱን አንድ ግዙፍ ምድጃ ተጠርጎ አመዱ የተነሰነሰ ይመስለዋል።

የሚገርመው አመዳይ ከላይ አይወርድም። በረዶ ይወርዳል፤ ዝናብ ይወርዳል። አመዳይ ግን እዚያው ነው የሚበቅለው። ሰማዩ ደመና ከሌለው ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ የሚሸፍናት ብርድ ልብስ የለም። ነፋስ ከሌለ ቀዝቃዛው አየር መሬቱ ላይ ይተኛል። ሣሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቴርሞሜትር በራስ ቁመት ብትሰቅዪ ግን ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሊያሳይሽ ይችላል። አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ሣሩን ሲነካ ውሃ ሳይሆን፣ በቀጥታ በረዶ ይሆናል። ጤዛ የቀዘቀዘ አይደለም። ጤዛ መሆንን ዘልሎ ያለፈ ነው።

የእጅ መብራቴን ወደ አጥሩ ሽቦ አዞርኩ። ሽቦው ጥርስ አውጥቷል። እያንዳንዱ ጥርስ የጥፍር ግማሽ ያህላል፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ትንሽ አየር ከየት እንደነበረ ያሳብቃሉ። አንድ የሸረሪት ድር እንደ ወፍራም ክር ተንጠልጥሏል። ሸረሪቷ የለችም። ስልኬን አውጥቼ አንድ ፎቶ አነሣሁ፤ ከሜዳው ጋር። ባትሪው ስልሳ በመቶ ይል ነበር። ሁለተኛውን ላነሣ ስል ስክሪኑ ጠቆረ። በቃ፣ ሞተ። የስልክ ባትሪ ብርድ ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ጃኬቴ ውስጥ እንድይዘው አላደረገኝም።

ወፍ መመልከቻ ጎጆው ከእንጨት የተሠራ ነው። ለዓይን የሚሆን ረጅም ቀጭን መስኮት አለው፤ ወንበሩም የእንጨት ነው። ገብቼ ሳየው ሰው አለ። ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። በግራ እጃቸው ጠቅ የምትል ትንሽ መቁጠሪያ ይዘዋል። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔም ነቀነቅኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ሰላምታ ይኸው ነው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፔርሙሳቸውን ከፍተው በክዳኑ ሻይ ቀዱልኝ። ብጠጣው ይሻል ነበር። እኔ ግን ጣቶቼን ላሞቅበት ይዤው ቆየሁ።

«የመጀመሪያሽ ነው?» አሉኝ።

«ያስታውቃል?»

ጫማዬን አዩት። የእግር ጉዞ ጫማ ነው፤ ረግረግ አያውቅም። ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው፣ «ስትወጪ ነጩ ላይ ሂጂ፤ ቡናማው ላይ አትሂጂ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው። እንደ ቡችላ ይጮኻሉ፤ ቀልዴን አይደለም፣ ልክ እንደ ቡችላ። አንድ ሁለት ይጮኻሉ፣ ዝም ይላሉ። ከዚያ ብዙ። ከዚያ ጨለማው ራሱ የሚጮኽ ይመስላል። በስተ ምሥራቅ ሰማዩ ብርቱካን መሆን ሲጀምር፣ ከታች በጭቃውና በሰማዩ መሀል አንድ ጥቁር ጨርቅ ተነሣ። አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ያራገፈው ይመስል ተወዛወዘ። ወደ እኛ መጣ። ጨርቁ ነጠብጣብ ሆነ፤ ነጠብጣቡ ክንፍ ሆነ። ከጎጆው ጣሪያ በላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ሽውታ ለብቻው ይሰማል፤ ከጩኸቱ ሥር፣ እንደ ሐር ጨርቅ።

ሽማግሌው ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። አስር በአስር ነው የሚቆጥሩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አላወራኋቸውም። የሚቆጥርን ሰው ማናገር ነውር ነው።

ዝይዎቹ ባርናክል ዝይ ይባላሉ። ፊታቸው ነጭ፣ አንገታቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው ግራጫ ላይ ጥቁር ሰረዝ። ሱፍ ለብሰው ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ። ሌሊቱን ቀበሮ በማይደርስበት ጭቃ ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ሣር ሊግጡ ይመጣሉ። አዎ፣ ይግጣሉ። የዝይ ሆድ ግን እንደ ላም ሆድ አይደለም፤ ሣሩን አሟጦ አይፈጭም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መብላት አለባቸው። የስምንት ሰዓት ቀን ደግሞ አጭር ነው። የአካባቢው ገበሬ ለከብቱ ያለውን ሣር ዝይ ሲግጥበት ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። መንግሥት ለገበሬዎቹ ካሳ የሚከፍልበት አሠራር አለ።

ስለ ስማቸው አንድ ታሪክ አለ፤ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የድሮ አውሮፓውያን እነዚህን ዝይዎች የሚያዩት በብርድ ወራት ብቻ ነበር። ጎጇቸውን ያየ የለም። እንቁላላቸውን ያየ የለም። ታዲያ ከየት ይመጣሉ? ባሕር ላይ በሚንሳፈፍ ግንድ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ባርናክል የምትባል ፍጥረት አለች፤ አንገት የመሰለ ነገርና ነጭ ቅርፊት አላት። በቃ፣ ከእሷ ነው የሚፈለፈሉት ተባለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዌልሱ ጄራልድ የተባለ ቄስ ይህንን በዓይኔ አየሁ ብሎ ጽፏል። አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ከሥጋ ያልተወለደ ነው እያሉ በጾም ይበሉት እንደነበር ይነግረናል። ሆድ ከፈለገ ሰበብ አያጣም። በ1596 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሆላንድ መርከበኞች በሰሜን በረዶ ውስጥ ስፒትስበርገን ደርሰው ዝይዎች እንቁላል ታቅፈው አገኙ። ግንዱና ቅርፊቱ ግን ከሰው አፍ ለመጥፋት ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ስሙማ ይኸው አልጠፋም።

ዛሬ ከየት እንደሚመጡ በደንብ ይታወቃል። በ1960ዎቹ ስቫልባርድ ላይ (ስፒትስበርገን ያለችበት፣ የኖርዌይ የሆነው የሰሜን ደሴቶች ስብስብ ነው) እግራቸው ላይ ቀለበት የታሰረላቸው ዝይዎች እዚህ ሶልዌይ ላይ ታዩ። የሶልዌይ ዝይዎች የስቫልባርድ ዝይዎች ናቸው። ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይመጣሉ፤ በሚያዝያ ይመለሳሉ። እዚያ የሚፈለፈሉት ቀበሮ እንዳያገኛቸው በደሴት ወይም በገደል ላይ ነው። ገደል ላይ የተፈለፈለ ጫጩት ገና መብረር ሳይችል ዘልሎ ይወርዳል፤ ታች ሣር አለና።

ለምን ይመጣሉ ለሚለው የሽማግሌው መልስ አጭር ነበር።

«እረፍት ላይ ናቸው» አሉኝ። እስኪስቁ ጠበቅኩ። አልሳቁም።

ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጓንቴ ላይ ጓንት አድርጌ፣ የጫማዬ ጣት የት እንዳለ ሳይታወቀኝ ተቀምጬ ነው ይህንን የሰማሁት። እረፍት። ግን አስቡት። በዚህ ወቅት ስቫልባርድ ላይ ፀሐይ ለወራት አትወጣም። መሬቱ ድንጋይ ነው። ዝይ የሚግጠው ሣር የለም። እዚህ ግን ከአትላንቲክ የሚመጣ ለስለስ ያለ አየር አለ፤ ሣሩ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም። ለእነሱ ይሄ ቆላ ነው። እኔ ቆፈን ይዞኝ የምንቀጠቀጥበት ሜዳ፣ ለእነሱ ከደጋ ብርድ ሸሽተው የወረዱበት ቆላ። ይህችን ነገር ካሰብኩ በኋላ ሜዳው ሌላ መሰለኝ። አልሞቀኝም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን የምረግጠው የሌላ ሰው የሞቀ ቤት ነው የሚል ስሜት ያዘኝ። ጫማ አውልቀሽ ግቢ የሚባልበት ዓይነት።

በ1940ዎቹ ይህ ቤት ባዶ ሊቀር ተቃርቦ ነበር። እዚህ የሚከርሙት ዝይዎች 300 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። ጠመንጃ ነው። በብሪታንያ በ1954፣ በስቫልባርድ በ1955 እነሱን ማደን ተከለከለ። ካርላቨሮክም በ1957 ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሺህ፣ አስር ሺህ፣ ከዚያም ከ40,000 በላይ ሆኑ።

ከጎጆው ስወጣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አመዳዩ ሮዝ ሆነ፤ ከዚያ ወርቅ፤ ከዚያ ተራ ነጭ። ይህ ሁሉ አስር ደቂቃ አልፈጀም። ወደ መርሱ ጫፍ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። የሽማግሌው ነጭና ቡናማ የገባኝ ያኔ ነው።

ሜዳው ላይ መስመር አለ። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከመስመሩ በላይ ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ከመስመሩ በታች አንድም አመዳይ የለም፤ ሣሩ ቡናማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። ጥላ አይደለም። ሌሊቱን ባሕሩ እስከየት እንደመጣ ነው። የባሕር ውሃ በጥር እንኳ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ አለው። ለመርጋትም ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ መውረድ አለበት፤ ጨው ነዋ። የነካውን ሁሉ አሟሙቆ፣ ጨው ቀብቶ ይመለሳል። ውርጩ የቀረውን ይወስዳል። ሁለቱ ሌሊቱን ሲከራከሩ አድረው ድንበራቸውን የተካለሉ ይመስላል።

ሶልዌይ ላይ ይህ ክርክር ትልቅ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ያለው የከፍታ ልዩነት 7 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሁለት ፎቅ ቤት ማለት ነው። ዳርቻው ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ስለዚህ ሲሸሽ ከዓይን ይጠፋል፤ ሲመለስ ከፈረስ ይፈጥናል ይባላል። በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ጭቃው ላይ በእግሩ ወጥቶ የሚዘናጋ ሰው በሕይወቱ ይቀልዳል።

እኔ ጭቃው ላይ አልወጣሁም። ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። መስመሩ አጠገብ የታቆረች ትንሽ ኩሬ ነበረች፤ ነጭ በረዶ ለብሳለች። በረዶ ላይ ከመውጣት ቡናማው ሣር ይሻላል ብዬ ዞርኩ። ምክሩ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ እግሬ ግን አልሰማም። ነጩ መሬት ረግቶ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ቡናማው ያልረጋው ነው። ግራ እግሬ እስከ ባቴ ገባ። ሳወጣው እግሬ ወጣ፤ ጫማው ቀረ። በአንድ እግር ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት ጓንት ጫማ ከጭቃ ስጎትት የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር ጸለይኩ። አንድ ሰው ነበረ። የጎጆው መስኮት ወደዚያ ነው የሚያየው።

ጫማዬን እያራገፍኩ ሳለ ወፏን አየኋት። አንድ አስር ሜትር ራቅ ብላ፣ ጅረቷ ዳር። ሬድሻንክ ይሏታል፤ ቀይ ባት ማለት ነው። እግሯ በእውነት ቀይ ነው፤ በዚያ ቡናማ ውስጥ የተረሳ ክር ይመስላል። ጭቃውን ትወጋለች፣ ትሄዳለች፣ ትወጋለች። ከምትፈልጋቸው ነገሮች አንዷ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ናት። ብርድ ሲበረታ ያቺ ፍጥረት ወደ ታች ትገባለች፤ ከላይ መንቀሳቀስ ታቆማለች። ጭቃው ራሱ ከረጋ ደግሞ ምንቃር አይገባውም። ምግቡ እዚያው ከእግሯ ሥር ሞልቶ ይራባታል። በከባድ ብርድ ዓመታት ከባሕር ዳር ወፎች መጀመሪያ ከሚያልቁት አንዷ እሷ ናት።

ስለዚህ ያ መስመር ጌጥ አይደለም። የእሷ ገበታ ጠርዝ ነው። ከመስመሩ በላይ የተዘጋ ቤት፤ በታች የተከፈተ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ እየመጣ በሩን ይከፍትላታል።

ዝም ብዬ ቆምኩ። እግሬ እርጥብ ነው፤ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ብንቀሳቀስ ትበራለች። ብትበር ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ የለቀመችውን ግማሽ በክንፏ ታቃጥለዋለች። እሷ በባዶ እግሯ ውርጭ ላይ ቆማለች፤ ምንም አትመስልም። የወፍ እግር ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው ሙቅ ደምና ወደ ላይ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሚወርደው ሙቀቱን ለሚመለሰው አስረክቦ ቀዝቅዞ ይወርዳል። እግሩ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፤ ገላው ግን ሙቅ ነው። የሚባክን የለም። እኔ ሙቀቴን ሁሉ ለአንድ ርጥብ ካልሲ ስከፍል ነበር።

እሷ ስትርቅ ተመለስኩ። ሽማግሌው እንዳላዩ ሆኑ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሁለተኛ ክዳን ሻይ ቀዱልኝ። ይህንን ጠጣሁት።

«ዛሬ ብዙ ናቸው?» አልኳቸው።

ወዲያው አልመለሱም። ከ2021 ወደ 2022 በተሻገረው ክረምት የወፍ ጉንፋን እዚህ ገባ። ስለዚያ አንብቤ ነበር፤ ቢያንስ 13,000 ዝይ እንደሞተ፣ ከስቫልባርድ ከመጡት ሲሶው እንደሆነ። ሲሶ። ማንበብ ቀላል ነው። እሳቸው ያወሩኝ ሌላ ነው። መርሱ ላይ እንደ ተጣለ ልብስ ተኝተው ያገኟቸው እንደነበር ነገሩኝ። አንዳንዱ በሕይወት አለ፤ አንገቱ ይሽከረከራል። ዝይ ጥንድ ነው፤ የሞተው አጠገብ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ሰው መንካት የለበትም ተብሏል፤ ስለዚህ ቆመው ያያሉ፣ ይሄዳሉ።

«ያን ሰሞን ይቺን እቤት ትቻት ነበር የምመጣው» አሉና መቁጠሪያዋን አሳዩኝ።

ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም። ሜዳው ላይ ዝይዎቹ ራሳቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ዳር ዳር ያሉት ቀና እያሉ ይጠብቃሉ፤ ተራ በተራ ነው። ከመንጋው ራቅ ብለው ጥቂት ነጫጭ ስዋኖች ተቀምጠዋል፤ እነሱ ደግሞ ከአይስላንድ ነው የመጡት። አመዳዩ ላይ ነጭ በነጭ ሆነው አንገታቸውን ባያነሡ አላያቸውም ነበር። በድንገት አንድ ጭልፊት ከላይ አለፈ። መንጋው ባንዴ ተነሣ፤ ያ ሁሉ ጩኸት እንደገና። ሁለት ዙር ዞረው እዚያው አረፉ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ቆጠራው ተበላሸባቸው።

በቀኑ አጋማሽ ካልሲዬን መኪናው ውስጥ ቀየርኩና እዚያው ካርላቨሮክ ያለውን የድሮ ግንብ አየሁት። ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን ውሃ የከበበው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ምሽግ ነው። በ1300 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ በጦር ከብቦ ይዞታል። ውብ ነው፤ ግን የመጣሁት ለድንጋይ አልነበረም። እኔን የሳበኝ ከእሱ በፊት የነበረው አሮጌው ምሽግ ነው። ወደ ባሕሩ ጠጋ ብሎ ረግረግ ላይ ተሠርቶ፣ ረግረጉ አላስቀምጥ ብሎት ተተወ። ቡናማው ላይ አትሂጂ ያላቸው አልነበረም ማለት ነው። የዙሪያው ውሃ በስሱ በረዶ ለብሶ ነበር። አንድ ልጅ ጠጠር ሲወረውርበት እንደ ቀጭን ሽቦ ጮኸ፤ ጭው የሚል፣ የሚረዝም ድምፅ። ልጁ ደጋግሞ ወረወረ። እኔም አንድ ወረወርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ መርሱ ተመለስኩ። አመዳዩ ፀሐይ ካገኘችው ቦታ ሁሉ ጠፍቷል። ከቁጥቋጦዎቹ ጀርባ ግን በጥላው ቅርጽ ልክ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ነጭ ጥላ አለው። ባሕሩ ሸሽቷል። ጭቃው እስከ ሰማይ ጠርዝ ይዘልቃል፤ ሰማዩን ሁሉ ይዞታል። ብርዱ ተመልሶ ሲወርድ በጆሮዬ ይታወቀኛል። ሜዳው ዳር ከአንዲት የጠዋት ኩሬ ላይ ክርክር የሚል ድምፅ መጣ፤ ውሃው እንደገና እየረጋ ነው።

ዝይዎቹ ሲመለሱ ጨልሟል። አላየኋቸውም ማለት ይቻላል። ቡችላዎቹ ከራሴ በላይ አለፉ፣ ወደ ጭቃው ወረዱ፣ ትንሽ ተጨቃጨቁ፣ ዝም አሉ። አንድ ብቻ ሲጮኽ ቆየ። ቦታ ያጣ ይሆናል።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ ጣቶቼን ዘረጋሁለት። ቆፈን ሲለቅ ያማል፤ መያዙ አይደለም የሚከፋው፣ መልቀቁ ነው። መስታወቱ እንደገና አመዳይ ለብሷል። የተሰነጠቀውን ካርድ አወጣሁ። ፍቄ ስመለስ ስልኬ ሞቆት በራሱ ነፍስ ዘርቶ ነበር፤ ባትሪው ሠላሳ በመቶ ይላል። ያነሣሁት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ከፈትኩት። ጥቁር ሰማይ፣ ከታች ነጭ ሜዳ፣ ጥግ ላይ የሽቦ ጥርስ። መሀል ላይ ጥቂት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ዝይ ሊሆኑ አይችሉም፤ ገና አልተነሡም ነበር። የሌንሱ ቆሻሻ ይሆናል።

ለጓደኛዬ ላክሁላት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ቆላ» ብዬ ጻፍኩላት።

ትንሽ ቆየች።

«አሞሻል። ግቢና ተኚ።»